ቀኗ እሳት፣ ሌሊቷ ውርጭ የሆነች ፕላኔት እንዴት ትፈጠራለች?

በኅዳርና በታኅሣሥ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት የሰነበተ ሰው ነገሩን በገላው ያውቀዋል። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊያስመሰክር እዚያው ቤተ ልሔም የወረደ የቆሎ ተማሪ ጎሕ ሲቀድ ደበሎውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ ቀትር ላይ ያንኑ ደበሎ አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ማሳውን ያነጣው ውርጭም ረፋድ ላይ የለም። ይህን ልዩነት አብዝቶ በልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ፕላኔት መፍጠር የሚፈልግ ጸሐፊ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ለምን እንዲህ እንደሚሆን ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ፕላኔቷን ወደ ፀሐይዋ ያስጠጓታል። አይበቃም። ቬነስን እዩ፤ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ትግላለች፣ ግን ቀኗም ሌሊቷም ያው ነው። ወፍራም አየሯ ሙቀቱን አያስወጣም። እናንተ የምትፈልጉት ቀን ያገኘችውን ሌሊት የምታባክን ፕላኔት ነው።

የቤተ ልሔም ማርያምን ያየ ሰው ይህን መረዳት አይቸግረውም። ጥንታዊው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በኋላ በተሠራ ክብ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ ይኖራል። አየርም ለመሬት እንዲያ ያለ ክዳን ነው። መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመናና የውሃ እንፋሎት ከፊሉን ይመልሱላታል። በሐምሌ ጋይንት ላይ ደመናው ስለሚደረብ ሌሊቱ ከቀኑ ብዙ አይርቅም። በኅዳር ሰማዩ ይገለጣል፣ አየሩም ይደርቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጉና ተራራ ራስ ላይማ አየሩ ራሱ ሳስቷል፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አምስተኛ ቢሆን ነው።

ስለዚህ አየሩን አሳሱት። ማርስ ቀኗ ከእኛ በ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ይረዝማል፤ የአየሯ ግፊት ግን ከእኛ አንድ መቶኛ አይሞላም። በዚህ የተነሳ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቷ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይለዋወጣል።

ውሃውንም አንሱ። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ጣናን የሚያህል ሐይቅ እንኳ ዳርቻውን ያለዝባል፣ ውቅያኖስ ካለማ ዕቅዳችሁ ከሸፈ። በምትኩ ደረቅ ትቢያ አልብሷት። ትቢያ ሙቀትን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ጨረቃ ላይ ገጿ ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 በላይ ሲወርድ፣ አንድ ሜትር ያህል ከተቆፈረ ግን ለውጡ እምብዛም አይታወቅም። ባለታሪኮቻችሁ ዋሻ ይግቡ፤ የእኛ መነኮሳት ቀድመዋቸዋል።

አየሩን ጨርሳችሁ ግን አታጥፉት። አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድም፤ ጨረቃ ላይ ድጓ ቢዜም የሚሰማው የለም። እኔ ብሆን ከማርስ ጥቂት የወፈረ አየር እሰጣት ነበር።

የቀረው ቀኑን ማርዘም ነው። የሜርኩሪ አንድ ቀንና ሌሊት 176 የእኛ ቀን ይፈጃል፤ ቀን 430 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ወደ 180 ትወርዳለች። ከእሳቱም ከበረዶውም ማምለጥ የሚፈልግ ባለታሪክ ካላችሁ እዚያ መንገድ አለው፤ በሜርኩሪ ወገብ ላይ በሰዓት በአማካይ 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከገበያተኛ እርምጃ ዝግ ብሎ፣ ወደ ምዕራብ ሳያቋርጥ ቢጓዝ ፀሐይ እንደጠለቀች ትቆይለታለች።