በአፍንጫ በኩል የሚወጣው እባጭ



በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገጠር አንድ ገበሬ ከጎኑ የመጣውን በሬ ሳያይ ቢቀር፣ የበሩ መቃንም ትከሻውን ደጋግሞ ቢመታው ቤተሰቡ «ዓይኑ ደክሟል፣ መነጽር ይግዛ» ይላል። ሞራ ነው የሚልም አይጠፋም። የሁለቱም ዓይኖች የውጭ ጎን እይታ አብሮ ሲጠፋ ግን ፒቱታሪ በምትባለው ዕጢ አካባቢ የወጣ እባጭ ሊኖር ስለሚችል መነጽር ገዝቶ ዝም ማለት አይገባም።

ፒቱታሪ ሽንብራ የምታክል ናት። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ተቀምጣ እድገትን፣ የወር አበባንና ሌሎች ዕጢዎችን ታዛለች። የዓይን ነርቮች የሚሻገሩት ልክ ከበላይዋ ነው፤ እባጩ ወደ ላይ ሲያድግ ይጫናቸዋል። (በአማርኛችን ጤናማውም አካል በሽታውም «ዕጢ» ስለሚባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እኔ በሽታውን እባጭ ብዬዋለሁ።) አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ነርቩ ብዙ ጊዜ ከተጫነ ግን እባጩ ቢወጣም እይታው ላይመለስ ይችላል።

ሁሉም ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ሳታጠባ ጡቷ ወተት የሚያፈስ፣ የወር አበባዋም የቀረ ሴት በመጀመሪያ እርግዝና፣ የታይሮይድ ችግርና የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ይታዩላት፤ የማስታወክ መከላከያው ሜቶክሎፕራማይድ እንኳ ይህን ያመጣል። ምክንያቱ ወተት አመንጪው እባጭ ከሆነ ብሮሞክሪፕቲን ወይም ካበርጎሊን የሚባሉት ክኒኖች አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሱታል።

ለሌላው ቀዶ ጥገና አለ። ራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል መግባትን ኦስትሪያዊው ሐኪም ሄርማን ሽሎፈር እ.ኤ.አ. በ1907 አሳየ። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ተጀምሯል።

ለመድኃኒት ባለሙያ ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ታካሚው ቤቱ ሲመለስ ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ አፍንጫ አይናፈጥም፣ ከባድ ነገር አይነሣም። በውዱእ ጊዜ ውኃ ወደ አፍንጫ መሳብም ሆነ በሱጁድ ራስን ዝቅ ማድረግ ቁስሉን ሊጎዳ ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቆ ለታማሚ ስላለው ፈቃድ ደግሞ ዓሊሞችን ማማከር ነው። ከአፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከተንጠባጠበ ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት፤ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ሃይድሮኮርቲሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው «ያወፍራል» ተብሎ ወይም ረመዳን ገባ ብሎ በራሱ ማቋረጥ የለበትም። ሰውነቱ የጎደለውን ነው የሚተካለት፤ ድንገት ከቆመ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ ይጨመራል፣ ካስታወከውም መርፌ ያስፈልገዋል። ሽንቱ በዝቶ ሌት ተቀን የሚጠማ ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር አይጹም። የሚወስደው መድኃኒት ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይኑር፤ ራሱን ቢስት ያገኘው ሰው ለሐኪም ያሳይለታል።