«ሃያ ደቂቃ ናት» የሚለው ተረት

በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤት ከሚያከራይም ከሚሸጥም ደላላ አፍ የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች፦ «ሃያ ደቂቃ ናት»። ሰበታም ይሁን፣ ቡራዩም ይሁን፣ ሱሉልታም ይሁን መልሱ ያው ነው። ይህችን ቃል አምነው የስድስት ወር ኪራይ አስቀድመው የከፈሉ፣ ከዚያ ወራት ሳይቆዩ ዕቃቸውን ጭነው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። የከፋው የገዙት ሰዎች ዕጣ ነው፤ እነሱ ጭነው የሚመለሱበት የላቸውም።

በተለይ የሚያንገበግበኝ ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ነገር ነው። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ዓመታት ሠርተው ያጠራቀሙትን ለወንድም ወይም ለአጎት ይልካሉ። ቤቱን የሚያዩት በስልክ በተላከ ቪዲዮ ነው፤ ግቢው የተጠረገ፣ በሩ አዲስ ቀለም የተቀባ። «ከከተማ ስንት ይርቃል?» ብለው ሲጠይቁ «ሃያ ደቂቃ ናት፣ እህቴ» ይባላሉ። ስልካቸው ላይ ያለው ካርታም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ሰፊ መንገድ ለለመደ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ነገሩ የሚገለጠው መጥተው፣ ቤታቸው ገብተው፣ መገናኛ ወይም ቦሌ ሥራ ሲያገኙ ነው። ልጃቸው እንደተኛ ጥለውት ወጥተው፣ ተኝቶ እያለ የሚገቡ እናቶች አሉ።

ቃሉ መነሻ የለውም አልልም። ቡራዩ ከመሃል አዲስ አበባ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰበታና ሱሉልታም 25 ገደማ ናቸው። እሑድ በማለዳ በቤት መኪና የተነሳ ሰው ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በዚያች ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ደላላውም ቤት የሚያሳየው እሑድ ነው፤ የሚወስዳችሁም በመኪና ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ግን ሥራ የሚሄደው ሰኞ ነው፤ የሚሳፈረውም ሚኒባስ፣ ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ ነው። ርቀቱ በሁለቱም ቀን እኩል ነው፤ ሰዓቱ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ለምን አይገናኝም? የመጀመሪያው ምክንያት መንገዱ ነው። ሦስቱም ከተሞች የበቀሉት በአንድ አንድ አገር አቋራጭ መንገድ ዳር ነው። ሰበታ ጅማ መንገድ ላይ ናት፤ የጅማን መስመር የጭነት መኪና ሁሉ፣ የሰበታ ፋብሪካዎችን ዕቃና ሠራተኛ ጭምር የሚያስተናግደው ይኸው መንገድ ነው። ቡራዩ አምቦና ወለጋ መንገድ ላይ ነው። ሱሉልታ ጎጃም መንገድ ላይ ነች፤ ከአዲሱ ገበያ ሲነሱ የእንጦጦን ሰንሰለት መሻገር ግድ ነው። እዚያ ዳገት ላይ አንድ የተጫነ ተሳቢ ማርሹን ቀንሶ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ በክረምት ደግሞ ጉሙ ይጨመርበታል። አንድ መኪና ከተበላሸ ዞረው የሚያልፉበት ሌላ መንገድ እምብዛም የለም።

ሁለተኛው ሰልፍ ነው፤ ብዙ ሰው ከቁጥር የማያስገባውም እሱን ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ከተማ ይጎርፋል። ታክሲው ተሳፋሪውን አራግፎ ባዶውን ወይም ግማሽ ጭኖ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ማታ ግልባጩ ነው፤ አየር ጤና፣ አስኮና አዲሱ ገበያ ላይ ሰልፉ ይተጣጠፋል። አዲስ መጪ የማያውቀው ሌላ ጣጣም አለ፤ ከመነሻው ይልቅ መሃል መንገድ ላይ መኖር ለተሳፋሪ ይከፋል። ታክሲው መነሻው ላይ ሞልቶ ስለሚመጣ ለከተማው ይበልጥ የሚቀርበው ሰው ቆሞ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ኋላ ሄደው፣ መነሻው ላይ ተሰልፈው ይሳፈራሉ፤ ለአንድ መንገድ ሁለት ሒሳብ ይከፍላሉ ማለት ነው። «ለከተማው ይበልጥ የቀረበ» ተብሎ በውድ የተከራየ ቤት አንዳንዴ ከሩቁ ቤት ይልቅ የሚያስመሽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ አቆራርጦ መጫን አለ። ሰልፉ ሲረዝም ከቡራዩ መርካቶ ድረስ መሄድ የነበረበት ታክሲ «አስኮ ብቻ!» ይላል፤ አስኮ አውርዶ ደግሞ «መርካቶ!» ብሎ ይጣራል። ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይሰለፋል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ ክልክል መሆኑን ሾፌሩም ረዳቱም ያውቃሉ። ሰው እያረፈደ ስለሆነ አይከራከርም፤ እነሱም ይህንኑ ያውቃሉ።

ሦስተኛው የምትወርዱበት ቦታ ነው። ከእነዚህ ከተሞች የሚነሳ ታክሲ በአብዛኛው የሚያደርሳችሁ ከከተማው በር ነው። አየር ጤና የወረደ ሰው ሥራው መገናኛ ከሆነ ገና ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያም ወደ መገናኛ ይቀረዋል። በእያንዳንዱ መቀያየሪያ አዲስ ሰልፍ አለ። ሥራውም ኑሮውም አንድ በር ላይ ለሆነ ሰው ግን ደላላው ያለው እውነት ነው፤ አስኮ ለሚሠራ ቡራዩ፣ አየር ጤና ወይም ጀሞ ለሚሠራ በሰበታ በኩል ያለው ዓለም ገና፣ አዲሱ ገበያ ለሚሠራ ሱሉልታ በእርግጥ ቅርብ ነው። እንዲያውም ለእነዚህ ሰዎች መሃል ከተማ ከመከራየት የሚሻል ምርጫ ነው፤ ኪራዩ ይቀላል፣ ግቢው ይሰፋል፣ አየሩም ንጹሕ ነው። የሚጎዳው መሥሪያ ቤቱ በከተማው በሌላኛው ጫፍ ሆኖ በ«ሃያ ደቂቃ» የተታለለው ነው።

የመጨረሻዋ ከአስፋልት እስከ ቤት ያለችው መንገድ ናት። ቪዲዮው ላይ አትታይም። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ከሆነ በባጃጅ ነው የሚገባው፤ ኮብልስቶን ያልደረሰው ሰፈር በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ይውጠዋል፣ ባጃጁም «አልገባም» ይላል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚያቁር መስክ መሆኑን አገሬው ያውቃል። ከተማዋ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አትሌቶቻችን ለልምምድ ይመርጧታል፤ ጎሕ ሲቀድ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ግን ያው ከፍታ ብርድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማው ስምና የቤቱ ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። «ሰበታ» ሲባል ለዓመታት ዓለም ገናን፣ ወለቴንና ፉሪን ጭምር ያጠቃልል ነበር። ፉሪ ለለቡና ለጀሞ የቀረበ ሲሆን ዋናው ሰበታ ግን ከዓለም ገናም አልፎ ነው። ስለዚህ ከተማውን ሳይሆን ሰፈሩን፣ ከሰፈሩም የሚሳፈሩበትን ፌርማታ ጠይቁ።

ደላላውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ እሱ እንጀራው ነው፣ ያም ሆኖ የሰው ዓመታት የሚጨርስ ቃል በቀላሉ መናገሩን አልወድለትም። ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ቦታውን ሄዶ ያየ፣ በታክሲውም የተሳፈረ ዘመድ ነው። ኮሚሽን ስላለበት ወይም ቅር እንዳትሰኝ ብሎ «አዎ፣ ቅርብ ነው» የሚል ወንድም እህቱን ከደላላው የበለጠ ጎድቷታል። መንገድ ሲሰፋ ይሻሻላል የሚሉም አሉ። ይሻሻል ይሆናል። እስካሁን ያየሁት ግን መንገድ በሰፋ ቁጥር ቤቱም ሰውም አብሮ ሲጨምር ነው፤ ስለዚህ ነገ ይሠራል በተባለ መንገድ ላይ ተማምኖ ዛሬ ቤት መግዛትን አልመክርም።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ ልለፋቸው።

«ሰበታ ባቡር አለ» ይባላል። አለ፤ የጅቡቲ ባቡር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ሐዲድ ከሰበታ ተነስቶ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል፤ የጭነትና የሩቅ መንገደኛ መስመር ነው፣ መንገደኛም የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርስ ባቡር አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከሦስቱ ከተሞች አንዱንም አይነካም። ሰበታ ያለ ሰው ሊጠቀምበት ከፈለገ መጀመሪያ በታክሲ ጦር ኃይሎች መድረስ አለበት።

«ሦስቱም ሸገር ከተማ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ቀላል ነው» የሚልም ሰምቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በአንድ አስተዳደር ሥር መግባታቸው እውነት ነው። አስተዳደሩ አንድ ሆነ እንጂ የታክሲው መስመር አልተቀየረም። ከሰበታ ቡራዩ የሚሄድ ተሳፋሪ ዛሬም በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎችና በዊንጌት አድርጎ በአስኮ ይወጣል፤ ከሱሉልታም ቢሆን መጀመሪያ ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ አለበት። አንዱ ከተማ ሥራ፣ ሌላው ከተማ ቤት ለመያዝ የምታስቡ ካላችሁ ጉዞው አዲስ አበባን አቋርጦ መሄድ መሆኑን ቁጠሩት።

«ዋጋውን የሚወስነው ረዳቱ ነው።» አይደለም። ታሪፍ የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ የሚተመነውም በርቀት ነው። አዲስ መጪ የሚበዘበዘው ስለማይጠይቅ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ተራ አስከባሪውን ወይም አጠገባችሁ የተሰለፈውን ሰው «ስንት ነው?» በሉ፤ ታፔላውንም አንብቡ።

«ኦሮምኛ የማይችል ሰው እዚያ አይንቀሳቀስም» የሚለው ሰውን ለማስፈራራት ካልሆነ ምንም አይጠቅምም። ረዳቱ በሁለቱም ቋንቋ ይጣራል፣ «ወራጅ አለ» የማይገባው ሾፌርም የለም። ጎረቤት የሚሆን ሰው ግን «ሜቃ» ብሎ ዋጋ መጠየቅና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ቢለምድ መልካም ነው፤ ሰዉ ደስ ይለዋል፣ እናንተም በቶሎ ሰፈርተኛ ትሆናላችሁ።

«ከመሸ የተገኘውን መኪና መሳፈር ነው» የሚለው ግን አደገኛ ነው። ታፔላ የሌለው፣ ሁለት ሦስት ሰው ጭኖ ከተራ ውጭ የሚጣራ የቤት መኪና ውስጥ ገብቶ የተዘረፈ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ወደ ሰፈራችሁ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ገና ቤቱን ስትይዙ አጣሩ። ካመለጣችሁ ከምታውቁት ሰው ጋር ተጋርቶ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። በስልክ የሚጠሩትን ታክሲዎች ብቻ ተማምናችሁ ግን አታምሹ፤ ባዶ መመለስን ፈርተው በሌሊት ወደ ዳር ከተሞች መሄድ የማይወዱ ሾፌሮች ብዙ ናቸው።

ቤት ልትይዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሰኞ ጠዋት በ12 ሰዓት ከዚያው ቤት በር ተነሱ፤ በደላላው መኪና ሳይሆን በባጃጅና በታክሲ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ። ማታም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ቦታችሁ ተነስታችሁ ወደዚያው ቤት ተመለሱ። የሄደውን ሰዓት ጻፉ፣ የከፈላችሁትንም ደምሩና በወሩ የሥራ ቀናት አባዙት፤ ከኪራዩ ቅናሽ ከበለጠ ቤቱ ርካሽ አልነበረም። ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ከፈጀ በሳምንት አምስት የሥራ ቀን 20 ሰዓት ነው፤ ልጅ ያላችሁ በተለይ እሱን አስቡት። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶች ደግሞ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የምታምኑትን ሰው በዚህ መንገድ ላኩትና ከቪዲዮው ጋር የሰዓቱን ማስታወሻ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ገንዘቡን አትላኩ።