ዘይቱ ተቀየረ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ በጅማና በዙሪያዋ ያሉ መኪኖች ዕረፍት የላቸውም። ወደ አጋሮ፣ ወደ የቡና ወደ ሊሙ ገነት ከሚወስዱት መንገዶች ገባ ያሉ የገጠር ጥርጊያዎች እሸት ቡና በጫኑ ፒክአፖች ይሞላሉ። በአዘቦት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሰው የቤት መኪና እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እየጠጣች እርሻ ደርሳ ትመለሳለች። ዘይት የመቀየሪያው ጊዜም ሳይታሰብ ይደርሳል። ዘይቱና ፊልትሮው ተቀይሮ፣ ሂሳቡ ተከፍሎ መኪናዋ ስትነሳ ግን ያችው ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ ትላለች። “ገንዘቤን ተቀብለው ዘይቱን ሳይቀይሩት ቀሩ እንዴ?” የሚለው ጥርጣሬም ይከተላል።

መካኒኩን ከመጠርጠርዎ በፊት ግን ስለ መብራቷ አንድ ነገር ይወቁ፤ ዘይቱን አታየውም። በተለይ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ቶዮታዎች ላይ “ሜይንት ሪኳየርድ” የሚል ጽሑፍ ይዛ የምትበራው ይህች ምልክት፣ የተነዳውን ርቀት ብቻ የምትቆጥር አስታዋሽ ናት። 5,000 ማይል፣ ማለትም 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ትበራለች። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ ቢሆንም፣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የመለሰው ሰው ከሌለ መብራቷ አትጠፋም።

ጥርጣሬዎን ራስዎ ማጣራት ይችላሉ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉት፤ መልሰው ከተው እንደገና ያውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በቤንዚን ሞተር አዲስ ዘይት እንደ ማር የጠራ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አዲሱንም ዘይት ቶሎ ስለሚያጠቁረው በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ።

ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ለመመለስ

በብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. መኪናዋ ቆማ፣ የእጅ ፍሬኗ ተይዞ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ወደ “ኦን” ያዙሩ። የኪሎ ሜትር ማሳያውን በሚቀይረው ቁልፍ “ትሪፕ ኤ” የሚለውን ያምጡ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ የሚታይበት “ኦዶ” ነው።
2. ቁልፉን መልሰው ያጥፉ።
3. ያንኑ የማሳያ ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ ሳይለቁ መኪናዋን እንደገና ወደ “ኦን” ያዙሩ።
4. ማሳያው ዜሮዎችን እስኪያሳይና መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ አይልቀቁ። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል።

በአዝራር የምትነሳ ከሆነ ፍሬን ሳይረግጡ አዝራሩን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱ ይበራል። በ“ትሪፕ ኤ” ካልሆነልዎ በ“ኦዶ” ይሞክሩ። የሌላ ፋብሪካ መኪና የራሱ አሠራር ስላለው መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ።

ከሌሎቹ መብራቶች ጋር አያምታቷት

ዘይት ተቀይሮም ሳትጠፋ ወራት የቆየች መብራት ጉዳቷ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ የዳሽቦርድ መብራትን ችላ ማለትን ይለምዳል። አንድ ቀን ጀበና የምትመስለው፣ አፍንጫዋ ላይ ጠብታ ያለባት ቀይ ምልክት ስትበራም “እሷ ሁልጊዜ ትበራለች” ተብሎ ይነዳል። ቀይዋ የምትናገረው ስለ ቀጠሮ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው። የግቤን ሸለቆ ዳገት እየወጡም ቢሆን ዳር ይዘው ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ያለ ዘይት ግፊት የጥቂት ደቂቃ ጉዞ ሞተር ያነክሳል፤ የሞተር እድሳት ደግሞ ከዘይት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በቆዩ የናፍጣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘሮች ላይ “ቲ ቤልት” የሚል መብራትም አለ። በብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የምትበራ ሲሆን፣ የሞተሩ ቀበቶ መቀየር እንዳለበት ታስታውሳለች። ቀበቶው ሳይቀየር እሷን ማጥፋት ራስን ማታለል ነው፤ ቀበቶው ከተበጠሰ ሞተሩን ሊሰባብር ይችላል።

መብራቷ የማታውቀው መንገድ

የ8,000 ኪሎ ሜትሩ ቀጠሮ ለጥሩ አስፋልት ነው። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ የሰፈር ምልልስ የዘይትን ዕድሜ ያሳጥራሉ። የአምራቾች መመሪያም በእንዲህ ያለ አነዳድ ዘይት ቶሎ እንዲቀየር ያዛል። በቡና ወቅት ሦስቱም ይገጣጠማሉ። ስለዚህ መብራቷን አይጠብቁ፤ ዘይት የቀየረልዎት ባለሙያ ቀጣዩን ኪሎ ሜትር ጽፎ የሚሰጥዎትን ካርድ ይመኑ።

ከዚያም የቤተሰብ ደብተር ይኑርዎት። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ፊልትሮው መቀየሩን፣ ቆጣሪው ዜሮ መደረጉን ይጻፉበት። መኪናዋን አባት ጠዋት፣ እናት ከሰዓት፣ ልጅ ቅዳሜ በሚነዷት ቤት፣ አንዱ ያደረገውን ሌላው የሚያውቀው በዚህ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ዋጋ አለው። ያገለገለች መኪና የሚገዛ ሰውም መብራቷ ስለጠፋች ብቻ አይርካ፤ ዘይት ያልቀየረ ሰውም በጥቂት ሰከንድ ሊያጠፋት ይችላል። “የዘይት ካርዷን ያሳዩኝ” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ንጹሕ ደብተር ያለው ሻጭም ያንን ሲያሳይ ደስ ይለዋል።