ሁለት ልጆች ይዘው የተመለሱ እናት

በደቡብ ኦሞ ድርቅ ሲጸና የእርዳታ እህል ከጂንካ እስኪደርስ ሕፃናቱን ማን ያስጠጋቸው?

ብዙዎች «እማዬ» የሚሏቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ገጠር ተወለዱ። አባታቸው በጣልያን ጦርነት ስለ ሞቱ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ገና ልጅ ሳሉ ቢዳሩም አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ።

በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ ተርቦ ነበር። በሞተች እናቷ አጠገብ ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ስለ ተቃወሙ ሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ምግብ እየሸጡም አሳደጓቸው። ኋላ ትልቅ የሕፃናት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ እህሉ ሳይደርስ የማን በር ይከፈት? ጉባኤዎች ዝናቡ ሳይቀር ይምከሩበት።