አኬሮንሺያ፦ የራስ ቅል ያዘለው የእሳት እራት

አኬሮንሺያ ስፊንጊዴ በተባለው የእሳት እራት ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ወገን ነው። ዝርያዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ስቲክስና ላከሲስ የእስያ ሲሆኑ፣ አትሮፖስ በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይኖራል፤ በኢትዮጵያ የሚገኘውም እሱ ነው። ሊኒየስ አትሮፖስን እ.ኤ.አ. በ1758 መዘገበው። የወገኑም ሆነ የሦስቱ ዝርያዎች ስም የተወሰደው ከግሪክ አፈ ታሪክ፣ ያውም ሞትን ከሚመለከተው ክፍል ነው።

የአትሮፖስ ክንፍ ሲዘረጋ ከ9 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የፊት ክንፎቹ የዛፍ ልጥ የሚመስል ጥቁር ቡናማ መልክ አላቸው፤ የኋላ ክንፎቹና ሆዱ ቢጫ ሆነው ጥቁር መስመር ያቋርጣቸዋል። በደረቱ ጀርባ ላይ ያለው ፈዛዛ ምልክት የራስ ቅል ይመስላል። በአውሮፓ ለዘመናት የመቅሠፍት ምልክት ተደርጎ የተፈራው በዚህ ነው። ምልክቱ የቀለም ጉዳይ ብቻ ነው፤ ነፍሳቱ አይናከስም፣ አይናደፍም፣ መርዝም የለውም።

ጀርባው ያተረፈለት ዝና አፉን ሸፍኖበታል፤ ትልቁ ድንቅ ያለው ግን አፉ ላይ ነው። የዚህ ቤተሰብ አባላት ብዙዎቹ ከአበባ የሚመጥጡ ባለ ረጅም ኩምቢዎች ናቸው፤ የማዳጋስካሩ ዛንቶፓን ኩምቢ ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የአኬሮንሺያ ኩምቢ አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ ሹል ነው። የተሠራው ለማር ነው። ሌሊት ቀፎ ውስጥ ይገባና የማር እንጀራውን ሰም በስቶ ማሩን ይመጥጣል።

በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች መሐል እንዲህ መድፈሩ ምክንያት አለው። ንብ በጨለማ ቀፎ ውስጥ ወገኗን የምትለየው በጠረን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የአትሮፖስ ገላ ንቦች በገላቸው ላይ ያሏቸውን አራት የቅባት አሲዶች በተመሳሳይ መጠን ይዟል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንደ ባዕድ አይቆጥሩትም። ቢነቁበት እንኳ ቆዳው ወፍራም ነው፤ የንብ መርዝንም ከብዙ ነፍሳት በተሻለ ይቋቋማል።

ድምፅም አለው። ሲነኩት እንደ አይጥ ጥርት ባለ ድምፅ ይጮኻል። ክንፉን ወይም እግሩን አፋትጎ ነው የሚጮኸው እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ ነፍሳቱን በእጃቸው ይዘው ቢያዳምጡ ኖሮ እንዲህ ባላሉ ነበር። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አሠራሩን በዝርዝር አሳይተዋል። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው፣ ማር ለመምጠጥ የሚያገለግለው ጉሮሮ ሲሰፋ አየር በኩምቢው በኩል ይገባል፤ በመግቢያው ላይ ያለች ቀጭን ክዳን በአየሩ እየተርገበገበች ተከታታይ ድምፅ ታሰማለች። ጉሮሮው ሲጠብ ደግሞ አየሩ ተመልሶ ይወጣና አጭር ፉጨት ይሰማል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። መምጠጫና መጮኺያ፣ ሁለቱም አንድ ጉሮሮ! ድምፁ የንግሥቲቱን ጩኸት አስመስሎ ንቦችን ያረጋጋል የሚለው ሐሳብ ብዙ ቢነገርም፣ እስካሁን ግምት ነው።

ሴቷ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ በቅጠል ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ድንች፣ ቲማቲም፣ ትምባሆና አጠፋሪስ ይበላል፤ አምስት ደረጃዎችን አልፎ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መልኩ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። በጭራው ላይ ያለው ጠማማ ቀንድ አይወጋም፤ ሲያስቆጡት መንጋጋውን ያንቀጫቅጫል። በድንች ማሳ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ እንዳዩት በድንጋይ መጨፍለቅ ለአዝመራው የሚጨምርለት ነገር የለም።

እጩ ሲጠግብ አፈር ውስጥ ይገባና ጎድጓዳ ክፍል ሠርቶ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፑፓ (በእጭና በክንፋማው መካከል ያለ ደረጃ) ይሆናል። ድንች ሲቆፈር ይህ ፑፓ በዶማ ሊቆረጥ ይችላል፤ ቆፋሪው ጥቂት ቢጠነቀቅ ይተርፋል። ከፑፓው የሚወጣው የእሳት እራት ብርቱ በራሪ ነው። በአውሮፓ ተመራማሪዎች ጥቃቅን ማሠራጫ አስረውለት በአውሮፕላን ሲከተሉት፣ ነፋስ እየተቃወመው እንኳ አቅጣጫውን ሳይለቅ ሲበር አይተዋል። የሰሜን አውሮፓን ብርድ ፑፓው ስለማይቋቋም፣ በዚያ በየዓመቱ የሚታዩት ከደቡብ በርረው የደረሱትና ልጆቻቸው ናቸው።