ዋሽንት፦ ወንበር ያልተዘረጋለት ዜማ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ዜማ ለመማር የሚሻ ሰው መምህር አያጣም፤ ድጓውን ከቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አባ፥ አቋቋሙን ከደብረ ታቦር ሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ፥ በምልክት የተጻፈውን እያየና የመምህሩን ድምፅ እየተከተለ ዓመታት ከቈየ በኋላ ተመርቆ ይወጣል። ከአድባራቱ ቅጽር ውጭ፥ በእብናት ተረተርና መስክ ላይ ግን፥ ወንበር ያልተዘረጋለትና ምልክት ያልተጻፈለት ሌላ ዜማ ይሰማል፤ እርሱም የእረኛው ዋሽንት ነው። ከበሮና ጸናጽል ከቅኔ ማኅሌቱ ሲገቡ እርሱ በደጅ ቀርቷል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሊቃውንቱ ብዕር የራቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዓይን እጅግ ተራ ነው። ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ተቈርጦ፥ አንጓው በጋለ ብረት ተበስቶ፥ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት እንደ ሆኑ ወደ ታችኛው ወገን ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች ይበሱለታል። ሠሪው ቀዳዳውን በጣቱ ስለሚለካ፥ ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ዋሽንቶች እንኳ ድምፃቸው ሳይገጥም ይቀራል። አራቱ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ አንድ፥ በየተራ ሲከፈቱ አራት ድምፅ ይሰጣሉና ድምሩ አምስት ይሆናል፤ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚያቆሟቸውም አምስት አምስት ድምፆች ናቸው። ትንፋሹ ሲበረታ ያው የጣት አያያዝ ድምፁን ከፍ ባለው እርከን ይደግመዋል። ክራር መቺ አውታሩን ጠበቅ ላላ አድርጎ ቅኝቱን ሲለውጥ፥ ዋሽንት ግን አንዴ የተበሳ ቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ስለማይል፥ የበሰለ ነፊ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ዋሽንቶችን በአንድነት ይዞ ይዞራል።

ጭንቁ ያለው ከአፉ ላይ ነው። ጫፉ ከከንፈር ዳር በሰያፍ ተደግፎ፥ ቀጭን ትንፋሽ የወዲያኛውን ጠርዝ እንዲመታ መደረግ አለበት፤ ትንፋሹ ለጥቂት ከሳተ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ይህን በቃል ሊያስረዳ የሚችል ሰው አላጋጠመኝም። ትንሹ እረኛ ከትልቁ አጠገብ ተቀምጦ ከንፈሩን ያያል፥ ጣቱን ያያል፥ ከብቶቹ ሲሰማሩ ብቻውን ይሞክራል፤ ሰሚ በሌለበት መስክ ስሕተቱን የሚነቅፈው ስለሌለ፥ ጆሮው ራሱ መርጌታ ይሆንለታል።

በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ሻኩሃቺ የሚባል የጃፓን ዋሽንት አለ። እርሱም ከቀርከሃ ሥር የሚሠራ፥ የተለመደው ዓይነት 54 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፥ በፊቱ አራት በጀርባው አንድ ቀዳዳ ያለው ሲሆን፥ እንደኛው ሁሉ ከጫፉ ይነፋል፤ ጠርዙ ግን ለትንፋሽ እንዲመች በሰያፍ ተከርክሟል። ዕጣው ከእኛው ፈጽሞ የተለየ ነው። ፉኬ የሚባለው የቡድሃ ሃይማኖት ክፍል መነኮሳት ፊታቸውን በቅርጫት ሸፍነው፥ ምጽዋት እየለመኑ እንደ ጸሎት ይነፉት ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ማኅበራቸውን ቢያፈርሰውም፥ ዜማው በምልክት ተጽፎና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላልፎ ቈየ። ስለዚህ ዛሬ በከተማው መምህር ያጣ የባዕድ አገር ሰው እንኳ ጽሑፉን ይዞ ሊጀምረው ይቻለዋል፤ ምንም እንኳ የትንፋሹን ነገር ጽሑፍ ባይነግረውም።

የእኛው ዋሽንትም እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ በእነ ዮሐንስ አፈወርቅ ትንፋሽ ከመስክ ወደ መድረክ ወጥቷል። ይሁን እንጂ መድረክ የሚያስተምረው ማዳመጥን ነው፤ የከንፈሩን አያያዝ ለማየት ግን ከነፊው አጠገብ መቀመጥ ግድ ይላል፤ ለዚህ ደግሞ እብናት ከአዲስ አበባ ይቀርባል።

ከብት የሚጠብቁ ልጆች ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት መዋላቸው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያው መጠን ከታላላቆቻቸው አጠገብ የሚቀመጡበት ጊዜ ያጥራል። ስለ ሆነም የእብናትና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች በየቀበሌው ያሉትን አረጋውያን ዋሽንት ነፊዎች እየጋበዙ፥ በሳምንት ለአንድ ሰዓት እንኳ በልጆቹ መካከል ያስቀምጧቸው ዘንድ አሳስባለሁ።