የአባቴ ስም የቤተሰቤ ስም ነው?

ነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ሜዳሊያ ሲሰጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን መድረኩ ላይ ነበሩ። ብሩን እጅጋየሁ ዲባባ፣ ነሐሱን ደራርቱ ቱሉ ወሰዱ። የውጭ አገር ጋዜጠኞች እንደ ልማዳቸው «ዲባባ» እና «ቱሉ» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ይህን የሰማ የሌላ አገር ሰው ሁለቱ አትሌቶች የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሊጠረጥር አይችልም። በኋላ ጥሩነሽና ገንዘቤ ሲነግሡ ደግሞ ሦስቱም «ዲባባ» ስለሆኑ እህትማማችነታቸውን ዓለም ወዲያው አወቀው። እኛ ግን እናውቃለን፤ ዲባባ አባታቸው ናቸው። ልጆቹ ሮጡ፣ በየስታዲየሙ የተጠሩት አባት ሆኑ።

በእኛ አገር ስም የባለቤቱ ነው። ከበደ ከበደ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ስም «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ሦስተኛው አያቱን ይነግረናል። ሰውየው ዶክተርም ይሁን ሚኒስትር በራሱ ስም «ዶክተር አበበ» ይባላል እንጂ በአባቱ ስም አይጠራም። ሴቷም ብታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ የሚጨመርላት «ወይዘሮ» የሚለው ብቻ ነው። ስለለመድነው አናስተውለውም እንጂ ይህ የስም ሥርዓት በየትውልዱ ይለወጣል። የቅድመ አያትዎን ስም መታወቂያዎ ላይ አያገኙትም። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወረቀቱ አያውቀውም።

ሕጋችን ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። በወረቀት ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቷል። እስቲ ዛሬ አንዱን ጎረቤትዎን «የቤተሰብ ስምዎ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ግራ ገብቶት የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይነግርዎታል።

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። ለአንድ አዲስ ምርት ስም ለማውጣት ሳምንታት እንሰበሰባለን፣ ሰሌዳ ሙሉ ቃላት እንጽፋለን፣ እንሰርዛለን። ያም ሆኖ አያቶቻችን ልጅ ሲወለድ በአንድ ቃል ያሉትን ያህል የሚናገር ስም አውጥተን አናውቅም። «ጥላሁን» ማለት ለቤተሰቡ መጠጊያ ሁን ማለት ነው። «ወንድማገኘሁ» የሚለው ከአራስ ቤቱ ውጭ የቆመ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ነው። «በላቸው»፣ «ደምሰው»፣ «ማንያዘዋል» የሚሉት ስሞች ደግሞ የሚነገሩት ለሕፃኑ ብቻ አይደለም። በመሬት ወይም በሌላ ነገር የተጣላ ጎረቤት ልጁ ሲጠራ በሰማ ቁጥር መልእክቱ ይደርሰዋል።

ከሁሉም ልብ የሚነኩት ሐዘን ያለባቸው ናቸው። «ካሳሁን»፣ «ምትኩ»፣ «ማስረሻ» የሚባል ሰው ሲያጋጥምዎት ከእሱ በፊት ያ ቤት የሆነ ነገር አጥቷል ብለው ቢገምቱ ብዙም አይሳሳቱም። «ቢያድግልኝ» እንዲያውም ስም ከመሆኑ በፊት የእናት ጸሎት ነው። ክትባትና ጤና ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን የተወለደ ሁሉ እንደማያድግ የምታውቅ እናት ነች እንዲህ ብላ የሰየመችው። በቻይና ገጠር ተመሳሳይ ፍርሃት ነበር፤ እዚያ ግን መፍትሔው ሌላ ነው። ልጁን «የውሻ ትራፊ» ብለው ይጠሩታል፤ ክፉ መንፈስ ስሙን ሲሰማ ንቆት እንዲያልፍ። እኛ ለመንን፣ እነሱ አታለሉ።

በኦሮምኛም ስም ይናገራል። ደራርቱ ስሟ ከአበባ ጋር የተያያዘ ነው፣ ያበበች እንደማለት። ጫላ የተሻለ፣ ገመቹ መደሰት ነው። በትግርኛ ሓጎስ ማለት ደስታ ነው። በጋና የአካን ሕዝብ ዘንድ ደግሞ የተወለዱበት ቀን ስም ይሆናል። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን «ኮፊ» የተባሉት ዓርብ ስለተወለዱ ነው፤ «አናን» የሚለው አራተኛ ልጅ መሆንን ያመለክታል። ዓለም ለአሥር ዓመት «ዓርብ፣ አራተኛው» እያለ ሲጠራቸው ኖሯል ማለት ነው።

አባት ሲቀዘቅዝ

በኒውዮርክ ስመ ጥር የሆነውን ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ካሳሁን ፅጌ ነበር። እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ ከእህቱ ጋር በስዊድናውያን ቤተሰብ በጉዲፈቻ አደገ። «ሳሙኤልሰን» በስዊድንኛ የሳሙኤል ልጅ ማለት ነው። ስዊድናውያን ድሮ እንደ እኛ ነበሩ፤ የሳሙኤል ልጅ ሳሙኤልሰን፣ የእሱ ልጅ ደግሞ በራሱ አባት ስም ይጠራ ነበር። ከጊዜ በኋላ ስሙ ባለበት ቆመ፤ የልጅ ልጁም የልጅ ልጅ ልጁም ሳሙኤልሰን ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ማርከስ የአንድ የማያውቁት ሳሙኤል ልጅ ተብሎ ይኖራል። አሳዳጊ አባቱ ሌናርት ናቸው፣ ወላጅ አባቱ ፅጌ።

አይስላንዶች ግን አልቀዘቀዙም። ዘፋኟ ብዮርክ ጉድመንስዶቲር የጉድመንዱር ልጅ ናት፤ የአባቷ መጨረሻ ስም ደግሞ ጉናርሰን ነው። የስልክ ማውጫቸው የተደረደረው በራስ ስም ነበር፤ ፕሬዚዳንታቸውንም በራሳቸው ስም ይጠሯቸዋል። አይስላንድ የሄደ ኢትዮጵያዊ ቢያንስ በዚህ አይቸገርም።

በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም የመጣው በመንግሥት ትእዛዝ ነው። ግብር የሚሰበስብና ወታደር የሚመለምል መንግሥት ሁለት መቶ አሕመዶችን መለየት ይፈልጋል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 ሁሉም ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ አዘዘች፤ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ለሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ» የሚለውን ሰጣቸው። በጃፓን ደግሞ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። የማን እንደሚሆን የሚመርጡት እነሱ ናቸው ቢባልም በአብዛኛው ስሟን የምትተወው ሚስት ነች። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሕጉ ጸንቷል። ያለ ምንም ሕግና ሙግት የራሳቸውን ስም ይዘው የኖሩት የእኛ እናቶች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ዕጣ የበለጠ ያሳዝነኛል። በ1970ዎቹ እና በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሲገቡ ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጆች፣ በመዝጋቢዎችና በአስተማሪዎች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈ። የአገሩን ቋንቋ ለመልመድ ታስቦ ይሆናል፤ ግን ከረጅም የእግር መንገድና ከስደት ተርፎ የመጣን ልጅ መጀመሪያ የተወሰደበት ነገር እናቱ የሰጠችው ስም ነበር። ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ወይም ትግርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከአራት ዓመት ሕፃኗ ጋር አውሮፕላን ጣቢያ ስትደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰው «የልጅቷ እናት ነሽ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት። እሷ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ባሏ በአባቱ፣ ልጅቷ ደግሞ በእኛ ደንብ በባሏ ስም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው፣ ሦስት የመጨረሻ ስም። ልጅቷ «እማዬ» እያለች ቀሚሷን ይዛ እያለቀሰች፣ እሷ የልደት ምስክር ወረቀት ከቦርሳዋ ትፈልጋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን ሳትይዝ አትጓዝም።

አንዳንድ ባለትዳሮች ችግሩን ለማቃለል ሚስት የባሏን የመጨረሻ ስም እንድትወስድ ያደርጋሉ። ለፈረንጁ ነገሩ ቀና ሆነ። በእኛ አቆጣጠር ግን የባሏን አባት ስም ይዛለችና የባሏ እህት ሆነች ማለት ነው! አማቷ ይህን ቢያስቡት የሚስቁ ይመስለኛል። ሌሎች ደግሞ ለልጁ የአያቱን ስም በመጨረሻ ስምነት ይሰጡና የአባቱን ጨርሶ ይተዉታል። አባትና ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ነገር ግን አባትየው ራሱ ከልጁ ስም ውስጥ ጠፍቷል።

እኔን ጠይቀው ለሚያማክሩኝ ጓደኞቼ የምለው ሦስቱንም አስገቡ ነው። የልጁ ስም መጀመሪያ፣ የአባቱ ስም መካከለኛው ቦታ ላይ፣ የአያቱ ስም መጨረሻ ላይ። እዚህ አገር ብንሆን የምንጽፈው ያንኑ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባትና ልጅ አንድ የመጨረሻ ስም ይኖራቸዋል፣ አባትም አይሰረዝም። የእናትየዋን ጉዳይ አይፈታም። እናት የራሷን ስም ትያዝ፣ የልደት ወረቀቱን ቅጂ ደግሞ ፓስፖርቱ ውስጥ ታስቀምጥ።

ከዚሁ ጋር፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም የሚሉ ጥምር ስሞችን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ግጠሟቸው። ለይታችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን መካከለኛ ስም ያደርገውና ሰውየው «መድኅን» ሆኖ ይቀራል። አገልጋይ የነበረው ራሱ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። «ፀ»ንም አንዱ ሰነድ ላይ በ«ቲ» ብቻ፣ ሌላው ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» አትጻፉ። ያ አንድ ፊደል በኋላ ስንት ደጅ እንደሚያስጠና የደረሰበት ያውቀዋል። አገር ቤት ላላችሁም ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ብትጠብቁ እንኳን፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነውና ጊዜ አላችሁ፤ በሰባተኛው ቀን ስም የሚያወጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ከበቂ በላይ።

ስለ አዲሶቹ ስሞችም አንድ ነገር ልበል። ናታን፣ ሊያ፣ ኖኤል የሚሉት አጫጭር ስሞች የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። በየትኛውም አገር ይነበባሉ፣ አስተማሪ አይሰብራቸውም። እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ምርጫው ይገባኛል። እንደ ሰው ግን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አራት ናታን ስሰማ «ማንያዘዋል» ይናፍቀኛል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለተኛዋን ነፍሰ ጡር ነች። ባሏ «ኢታን» ይሁን ይላል። እናቷ ከደብረ ብርሃን እየደወሉ በሕይወት የሌሉት ባለቤታቸው ምትክ ነውና «ምትኩ» ነው የሚባለው ይላሉ። ክርክሩ በስልክ እንደቀጠለ ነው።